«አፍራሽ» ወይስ «ቆራጭ»? በከፍተኛ የደም ግፊት ስለሚለወጠው ልብ የሚነገሩ ቃላት ሲመረመሩ

የሕክምና ሳይንስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ዋናው ችግር የቃላት እጥረት እንደሆነ ይነገራል። በእኛ አስተያየት ከእጥረቱ ይልቅ የሚያሰጋው ሳይመረመር የሚሰጥ ስያሜ ነው። ስያሜው ነገሩን ከመግለጹ በፊት ፍርድ ከሰጠ፣ አንባቢው የተጻፈውን ትቶ ስሙ ያስገመተውን ይዞ ይሄዳል። ለዚህ አብነት ይሆኑ ዘንድ፣ ከፍተኛ የደም ግፊት በልብ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥና የለውጡ ተካፋይ የሆኑትን ኢንዛይሞች የሚመለከቱ ጥቂት ቃላትን እንመለከታለን።

በመጀመሪያ የበሽታውን ስም እንውሰድ። ሕዝቡ «ደም ብዛት» ይለዋል። ይህ ስም የደሙን መጠን ያመለክታል እንጂ ደሙ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል አይገልጽም። «የደም ግፊት» የተሻለ ነው፤ ይሁን እንጂ ግፊት ለጤነኛውም ሰው አለው፤ 120/80 ቢሆን ግፊት ነው። ስለሆነም በሳይንስ ጽሑፍ «ከፍተኛ» የሚለው ቅጽል ሊቀር አይገባም።

ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ ደሙን ወደ መላ አካል የሚገፋው የግራ የልብ ክፍል ግድግዳ ይወፍራል፤ በጡንቻ ሕዋሳት መካከል የኮላጅን ክር ይበዛል፤ ልብም ይደድራል። ውሎ አድሮ በአንዳንድ ሕሙማን ክፍሉ ይሰፋና ልብ በቂ ደም መግፋት ይሳነዋል። ባለሙያዎች ይህን ሁሉ «ሪሞዴሊንግ» በሚል አንድ ቃል ያጠቃልሉታል። ለተርጓሚው ቀድመው የሚታወሱት «እድሳት»፣ «ጥገና» እና «ዳግም ግንባታ» ናቸው። ሦስቱም ከቤት ሥራ የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ያረጀው ወይም የተጎዳው ነገር ወደ መልካም መመለሱን ይናገራሉ። ልቡ እየደደረ ያለ ሕመምተኛ «ልብዎ በእድሳት ላይ ነው» ቢባል፣ ደስ ብሎት መድኃኒቱን ቢተው ጥፋቱ የማን ይሆናል?

ከግእዝ እንዋስ የሚል ቢኖር «ውላጤ» ይገኛል። ነገር ግን ቃሉ በነገረ መለኮት የባሕርይ መለወጥን ለማመልከት ስለሚውል፣ የልብን ለውጥ ለመግለጽ ሸክሙ ይከብዳል። «የቅርጽ ለውጥ» ማለትም ውጫዊውን ብቻ ይይዛል። እኛ «የመዋቅር ለውጥ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ውስጡንም ውጩንም ያካትታል፤ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ብሎም አይፈርድም።

የኮላጅን መብዛትን «ጠባሳ» ማለትም እንዲሁ ያሳስታል። ጠባሳ ቁስል በነበረበት ቦታ የሚቀር ምልክት ነው። በከፍተኛ ግፊት ግን ክሩ በአመዛኙ ሕይወት ባላቸው ሕዋሳት መካከል ይሰራጫል። «የኮላጅን ክር ክምችት» ብንል ረዘም ይላል እንጂ አያሳስትም።

ዋናው ክርክራችን በኢንዛይሞቹ ስም ላይ ነው። ግሮስና ላፒየር እ.ኤ.አ. በ1962 የእንቁራሪት እጭ ወደ እንቁራሪትነት ሲለወጥ ጭራው እንዴት እንደሚጠፋ ሲመረምሩ፣ ኮላጅንን የሚቆርጥ ኢንዛይም አገኙ። ዛሬ የዚህ ቤተሰብ አባላት በሰው አካል ውስጥ ከሃያ በላይ መሆናቸው ይታወቃል። ሥራቸው ዚንክ የተባለውን ማዕድን ይሻል፤ ብዙዎቹም ሥራ ፈት ሆነው ከመነጩ በኋላ ራሳቸው ሲቆረጡ ይነቃሉ፤ አራት ገቺ ፕሮቲኖችም ይቆጣጠሯቸዋል። እነዚህን «አፍራሽ ኢንዛይሞች» ማለት ቀላል ነው። በአማርኛችን ግን «አፍራሽ» የወንጀለኛ ስም ነው፤ አፍራሽን መከልከል፣ ከተቻለም ማስወገድ ግድ ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ አይደለም። ገቺዎቹ ሲያይሉ ኮላጅን ሳይቆረጥ ይከማችና ልብ ይደድራል፤ ቆራጮቹ ሲያይሉ ደግሞ ሕዋሳቱን ያያዘው ድር ይላላና ክፍሉ ሊሰፋ ይችላል። ከዚህም በላይ ከእነዚህ ኢንዛይሞች አንዳንዶቹ ታስሮ የቆየ የእድገት መልእክተኛ ፕሮቲንን ቆርጠው ስለሚለቁ፣ አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ያደርጋሉ። አፍራሽ የተባለው ግንባታ ያስጀምራል ማለት ነው። የልብ ደም ሥር በመዘጋቱ ጡንቻቸው በተጎዳ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የእነዚህ ኢንዛይሞች መግቻ መድኃኒትም፣ የልብን መስፋት በመከላከል ረገድ ከማስመሰያው ክኒን ልቆ አልተገኘም። የዚያ ሕመም መነሻ ሌላ ቢሆንም፣ ቆራጩን መግታት ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ያስተምራል።

ስለዚህ «ድር ቆራጭ ኢንዛይም» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «ድር» በሕዋሳት መካከል ያለውን የክር መረብ ያስታውሳል፤ «ቆራጭ» ደግሞ ድርጊቱን ብቻ ይናገራል። ትኬት ቆራጭን የሚያስታውስ አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ትኬት ቆራጭ ግን ጥፋተኛ አይደለም፤ ቃሉን የመረጥነውም ስለዚሁ ነው። «ሜታሎፕሮቲኔዝ» የሚለው የውጭ ስም ይበቃል ለሚሉም መልሳችን አጭር ነው፦ ለባለሙያው ይበቃል፤ ለጤና መምህሩና ለሕመምተኛው ግን አንዳች አይነግርም። በጽሑፉ መጀመሪያ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሰፍሩና ከዚያ በኋላ የአማርኛው ብቻ ቢቀጥል፣ ትክክለኛነቱም ግልጽነቱም ይጠበቃል።