የሙያ ፈቃድ ፈተና ዝግጅትና የሕክምና ውሳኔ ልምምድ፤ የአዋሽና የሠመራን ትኩሳት አብነት ያደረገ ሒስ

የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በተመራቂዎች ዘንድ በሰፊው የሚታየው የዝግጅት ዘዴ ያለፉ የምርጫ ጥያቄዎችን ሰብስቦ መልሳቸውን ደጋግሞ ማጥናት ነው። ዘዴው ጨርሶ የሚነቀፍ አይደለም፤ የተማሩትን ለማስታወስና የፈተናውን ቅርጽ ለመልመድ ይረዳል። የሚነቀፈው የውሳኔ ልምምድን ተክቶ ሲገኝ ነው።

የምርጫ ጥያቄ የበሽተኛውን ታሪክ አሟልቶ፣ የምርመራውን ውጤት አክሎ፣ አማራጮቹን ደርድሮ ያቀርባል። በጤና ጣቢያ ግን ምን መጠየቅ፣ ምን መመርመር፣ ምንስ መተው እንደሚገባ የሚወስነው ባለሙያው ራሱ ነው።

ለዚህም የአዋሽ ሸለቆ ከተሞች ጥሩ አብነት ናቸው። በተለመደው ጥያቄ ወባ የሚጠረጠረው ከዝናብ ወራት በኋላ ከቆላ እርሻ በተመለሰ ሰው ላይ ነው። ይሁን እንጂ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር ከተገኘች በኋላ በሠመራና በአዋሽ ሰባት ኪሎም ታይታለች። በከተማ በርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ስለምትራባ ወባን በበጋም ልታስተላልፍ ትችላለች። በዚያው ዓይነት ዕቃ የምትራባው ኤደስ ኤጂፕታይ ደግሞ የደንጊ ትኩሳትን ታስተላልፋለች፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በሠመራ አጠገብ በምትገኘው ሎጊያና በሚሌ የደንጊ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር።

እንግዲህ በጥር ወር ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት ይዞት የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር በደም ምርመራው ወባ ባይገኝበት ምን ይደረግለታል? በሽታው ደንጊ ከሆነ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መስጠት የመድማትን አደጋ ያባብሳል። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ቢበርድስ ዳነ ተብሎ ይሸኛልን? የደንጊ አስጊ ወቅት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ትኩሳቱ በሚበርድበት ሰዓት በመሆኑ፣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ ወይም የድድ መድማት አለመኖሩን ሳያረጋግጡ መሸኘት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ይህን የመሰለ ማመዛዘን «ሐ» የሚለውን ፊደል በማክበብ አይለመድም።

ኤልስታይንና ባልደረቦቹ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በአንድ በሽተኛ ላይ በትክክል የወሰነ ሐኪም በሌላውም ላይ እንዲሁ ይወስናል ማለት አይቻልም፤ ችሎታው ስለ ጉዳዩ ካለው ዕውቀት ጋር የተሳሰረ ነው። ስለሆነም «ፈተናው አገር አቀፍ ስለሆነ የአፋር ምሳሌ አያስፈልግም» የሚለው አስተያየት ሚዛን አይደፋም። ተመራቂው ወደ ደጋም ወደ ቆላም ሊመደብ ስለሚችል ልምምዱ የሁለቱንም በሽተኞች ማካተት አለበት።

ከዚህ አኳያ መምህራን የበሽተኛውን ታሪክ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ቢያቀርቡ፣ ተማሪውም በየደረጃው ውሳኔውን ከነምክንያቱ ቢጽፍ ይበጃል። ለዚህ የሚሆኑ ታሪኮች፣ የበሽተኞች ስም ተሰርዞ፣ ከየአካባቢው የጤና ተቋማት መዝገብ ሊወጡ ይችላሉ። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ድርሻ ደግሞ ለልምምዱ በክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ ቋሚ ቦታ መስጠት ነው፤ ያለበለዚያ የፈተናው ቀን በቀረበ ቁጥር ሥፍራውን የጥያቄ ሽምደዳ ይወስደዋል።