ብረቱ ነፍስ ሲዘራ
ስለ ስቱዲዮ ኦክስ ሥዕሎች

ሥዕል ሸቀጥን እንዲያሻሽጥ በታዘዘ ጊዜ ጥበብነቱን ጠብቆ ሊቆይ ይችላልን? ስቱዲዮ ኦክስ የተባለው የጃፓን የሥዕል ስቱዲዮ ስለ «ትራንስፎርመርስ» አሻንጉሊቶች የሠራቸው ሥዕሎች ይህን ጥያቄ ለመመርመር መልካም አጋጣሚ ይሰጣሉ።

ታካራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 «ዳያክሎን»ን፣ በ1983 ደግሞ «ማይክሮ ቼንጅ»ን ለገበያ አቀረበ። የአሜሪካው ሃዝብሮ ከሁለቱ መርጦ በ1984 «ትራንስፎርመርስ» ብሎ ሰየማቸው፤ በ1985 በዚሁ ስም ወደ ጃፓን ተመለሱ። የተለወጠው ግን ስማቸው ብቻ አልነበረም። በዳያክሎን ሮቦቱ ትንሽ ሰው ተቀምጦ የሚነዳው መሣሪያ ነበር፤ በትራንስፎርመርስ ግን ራሱ የሚያስብ፣ የሚቆጣና የሚያዝን ፍጡር ሆነ። አሻንጉሊቱ ይህን ለውጥ አልተከተለም። አይረንሃይድ የተባለው ጀግና በፊልሙ ራስና ፊት ሲኖረው፣ በ1984 የተሸጠው አሻንጉሊቱ ራስ እንኳ አልነበረውም።

እንግዲህ ግዑዙን ብረት ሕያው አድርጎ ማሳየት የሠዓሊው ድርሻ ሆነ። ስቱዲዮ ኦክስ በኮዳንሻ በሚታተመው «ቴሌቢ ማጋዚን» የሕፃናት መጽሔት ላይ የሠራው ይህንኑ ነው። የካርቱን ፊልሙ ለእንቅስቃሴ ሲል ያቀለለውን አካል ሠዓልያኑ ክብደቱን መለሱለት፤ ብርሃን በብረቱ ላይ ሲንሸራተት፣ ጥላም በመገጣጠሚያው ሲያርፍ ይታያል። በእጅ ሲያዝ ድርቅ ብሎ የሚቆመው ኮንቮይ፣ በሥዕሉ ይራመዳል፤ ያዝዛል።

ይህ ሕፃኑን ማታለል ነው የሚል ይኖራል። ነቀፌታው መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ሥዕሉ የሚሰጠውን ተስፋ አሻንጉሊቱ አይፈጽምምና። ይሁን እንጂ ሕፃን በጨዋታው የሚያደርገው ሌላ ምንድን ነው? ለግዑዙ ነፍስ የሚሰጠው እርሱ ራሱ ነው፤ ሠዓሊው የሚያደርገው መንገዱን ማሳየት ነው።

የሥዕሎቹ እውነተኛ ጉድለት ሌላ ቦታ ይገኛል። ሻጩ ሁሉም ሸቀጥ እንዲታይለት ስለሚፈልግ፣ በርካታዎቹ ገጾች በሮቦቶች ይጨናነቃሉ፤ እያንዳንዱም መሣሪያውን ደግኖ ከፊት ለመቆም ይጋፋል። ሁሉም በሚጮህበት ማንም አይሰማም። እንዲህ ያለው ገጽ ከሥዕልነት ይልቅ ወደ ዕቃ ዝርዝር ያደላል።

በእኛ አስተያየት፣ የንግድ ትእዛዝ ብቻውን ሥዕልን አይገድልም፤ የሚገድለው ሠዓሊው ምን መተው እንዳለበት የመምረጥ መብቱን ሲነጠቅ ነው። ስቱዲዮ ኦክስ ይህን መብት ባገኘባቸው ገጾች፣ ከተሸጠው ዕቃ የሚበልጥ ሥራ ትቶልናል።