የመንገደኛው ሕልም ሐተታ (ዕብ. 11፥13)

ሐዋርያው ስለ ቀደሙት አበው ሲጽፍ ራሳቸውን በዚህ ዓለም እንደ አላፊ መንገደኛ ይቈጥሩ እንደ ነበረ ይመሰክራል። የዚህን መንገድ ነገር እንግሊዛዊው ዮሐንስ ቡንያን በሕልም አምሳል ጻፈው። ቡንያን ድስት ጠጋኝ ነበረ፤ ያለ ፈቃድ ሰበክህ ተብሎም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1660 እስከ 1672 በቤድፎርድ ወህኒ ተቀመጠ። የመጽሐፉ ፊተኛ ክፍል በ1678፥ ሁለተኛው በ1684 ታተመ። በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ ወደ ዐማርኛ መለሰው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» የተባለው መጽሐፍም ከዚህ ምንጭ እንደ ተቀዳ የድርሰት መርማሪዎች ይናገራሉ።

በትርጓሜ ቤት ያደገ ሰው ይህን መጽሐፍ ሲገልጥ አስቀድሞ የሚያደናቅፈው የስሙ ነገር ነው። የኢትዮጵያ መምህራን ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደውን ሰው አዳም፥ ሳምራዊውን ክርስቶስ፥ የእንግዶቹን ማደሪያ ቤተ ክርስቲያን ብለው ሲተረጕሙ፥ ንባቡ ንባብነቱን ሳይለቅ ምሥጢሩ ከውስጡ ይወጣል፤ አንድም ብሎ ሌላ ለማምጣትም ስፍራ ይተርፋል። ቡንያን ግን ትርጓሜውን ስም አድርጎ በሰውየው ግንባር ላይ ይጽፈዋል። ስሙ እልከኛ የተባለው እልከኛ ነው፤ ሌላ አንድም የለውም። ይህ የመጽሐፉ ድህነት ነው። ከዚህም የባሰው፥ ስሙ የተጻፈበትን ሰው አንባቢው ቶሎ ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ማመሳሰሉ ነው።

ደራሲው ግን ይህን አደጋ ያወቀ ይመስላል። ጥቅም ፈላጊ የሚባለውን ሰው ባመጣበት ስፍራ ስለ ዘመዶቹ በሰፊው ያናግረዋል። አገሩ ለስላሳ አንደበት የምትባል ባለጸጋ ከተማ ናት፤ ዘመዶቹም ነፋስ እንደ ነፈሰ የሚዞሩና ለጊዜው የሚያድሩ መኳንንት ናቸው። የደብሩም ቄስ ሁለት ምላስ ይባላል፤ እርሱም የእናቱ ወንድም ነው። እንግዲህ ይህን ሰው ያሳደገው ማን እንደ ሆነ ደራሲው በግልጥ ሳይከስስ በትውልድ ቈጠራ ብቻ አስታወቀ፤ አንዱ እጅ የቤተ መንግሥት፥ ሁለተኛው የቤተ ክህነት ነው። ሰውየው ሃይማኖትን የሚወድዳት የብር ጫማ ተጫምታ በፀሐይ ስትሄድ ነው። በኢትዮጵያ ቢጻፍ ኖሮ በጫማው ፈንታ በወርቅ የተጠለፈ ካባ በተባለ ነበር። በአምስት ኪሎ በቅድስተ ቅዱሳን ማርያም ቅጽር ቆሞ ስብከት የሚሰማ ባለ ማዕረግ፥ ተግሣጹ በመጣ ጊዜ ዐይኑን ወደ ጎን መልሶ ይህስ ለእገሌ ነው ሲል፥ ሰባኪውም በበኩሉ የዚያኑ ባለ ማዕረግ ፊት እያየ ቃሉን ሲያለዝብ፥ ያ ዘመድነት እስከ ዛሬ እንዳልተቈረጠ ይታወቃል።

ስም ከምሥጢር የሚያንስበት፥ መጽሐፉም የሚከብርበት ስፍራ አለ። መንገደኛው ሸክሙን ራሱ አልፈታውም፤ በመስቀሉ ፊት በቆመ ጊዜ ከጀርባው ወደቀለት። በጥርጥር ግንብ ታስሮ ሲደበደብ ሰንብቶም የሚያስከፍተው ቍልፍ ከመጀመሪያ ጀምሮ በብብቱ እንደ ነበረ አሰበ።

የሚነቀፈውም ሊሸፈን አይገባም። መንገደኛው ሚስቱና ልጆቹ እየጠሩት ጆሮውን ደፍኖ ይሮጣል። አብርሃም ከአገሩ በወጣ ጊዜ ሣራንና ሎጥን ይዞ ነው። በፊተኛው ክፍል ጥምቀት በግልጥ አይነገርም፤ የሥጋ ወደሙ ምሳሌ ሊባል የሚችለው ማዕድም በአንድ ቤት ራት ብቻ ይታለፋል። ማር ይስሐቅንና አረጋዊ መንፈሳዊን የተማረ ሰው ንጽሐ ሥጋን፥ ንጽሐ ነፍስንና ንጽሐ ልቡናን በየደረጃቸው ሲፈልግ አያገኛቸውም። ሆኖም በሁለተኛው ክፍል ሚስቲቱ ከልጆቿ ጋር ትነሣለች፤ መሪ ይሰጣቸዋል፤ በምርኵዝ የሚያነክሰውና ልቡ የደከመውም አብረው ይሄዳሉ፤ ጕዞውም በደካማው እርምጃ ይለካል። ወደ ግሸን የሚወጣ ምእመን አሮጊቱን ደግፎ ሕፃኑን አዝሎ እንደሚሄድ ያለ ነው። ብዙዎች ፊተኛውን ብቻ አንብበው መተዋቸው ጕዳት ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚቀርበው ሁለተኛው ነውና።

የፊተኛው ክፍል ፍጻሜ ግን ከሁሉ ያስፈራል። አላዋቂ የሚባለው ጐልማሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይጸልያል፥ ይጾማል፥ ዐሥራት ያወጣል። ስለ መዳንህ ምስክርህ ማን ነው ቢሉት ልቤ ነው ይላል። መጽሐፈ ምሳሌ (28፥26) በልቡ የሚታመነውን ይነቅፋል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ የመጽሐፋቸው ስም ልብን ወዳጅ ይለዋልና፥ ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ ያኖረ አንባቢ የትኛው ልብ ወዳጅ እንደ ሆነ መመርመር ይገባዋል፤ የሚገሥጸው ነው ወይስ የሚያባብለው? አላዋቂን የመከረው የሚያባብለው ነበረ። የሞትን ወንዝ ከንቱ ተስፋ በሚባል ታንኳ ቀዛፊ ያለ ጭንቅ ተሻገረ፤ በከተማይቱ በር ቆሞ ሲያንኳኳ የምስክር ወረቀትህን አምጣ አሉት፤ እጁን ወደ ብብቱ ሰደደ፥ ምንም አላገኘም።