«ገዢ» ማን ነው?

የመጻሕፍት ሒስ እንደምጽፍ የሚያውቁ አንዲት ጎረቤቴ በቅርቡ የቤት ሽያጭ ውል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ወረቀት ማንበብ ሥራህ አይደል? እስቲ ይኸንንም አንብብልኝ» አሉኝ። ገንዘቡ ልጃቸው ዓረብ አገር ሠርታ የላከችው ነው። ቤቱ ከመሠረት አላለፈም፤ ኩባንያውም ዕዳ ውጦታል።

አነበብኩት። ከሁሉ የሚደጋገመው ቃል «ገዢ» የሚለው ነው፤ ገዢ ይከፍላል፣ ገዢ ይጠብቃል፣ ገዢ ከዘገየ ይቀጣል። እኔም የምተቸው ይኸንኑ ቃል ነው፤ እውነት አይደለምና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2878 እንደሚለው፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በመዝገብ ካልተመዘገበ ሦስተኛ ወገንን አያስገድድም። ያልተሠራ ቤት ደግሞ በማን ስም ይዛወራል? ለኩባንያው ያበደረው ባንክ ግን መያዣውን አስመዝግቧል። ኩባንያው የከሰረ እንደሆነ ባንኩ ከመያዣው ላይ ቀድሞ ይወስዳል፤ ጎረቤቴ ከተራ ባለገንዘቦች ጋር ተራ ይጠብቃሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው።

የስም ነገር ምን ያህል ነው የሚል ሰው ቢኖር ሕንድን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኪሳራ ሕጓ ያልተሠራ ቤት የገዙትን ከዋነኞቹ ባለገንዘቦች አልቆጠራቸውም ነበር። በ2018 ሕጉ ተሻሻለና የከፈሉት ገንዘብ እንደ ብድር ተቆጠረላቸው፤ በኩባንያው ዕጣ ላይም ከባንኮች ጋር ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ። ቤት ሠሪዎቹ ተቃውመው ቢከራከሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ማሻሻያውን አጸናው። ሌላው የ2016 ሕግ ደግሞ ከገዢዎች ከሚሰበሰበው ገንዘብ 70 በመቶው ለዚያው ሕንፃ ብቻ በተለየ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ ያዛል። ዛሬም ቤታቸውን የሚጠብቁ ሕንዳውያን ጥቂት አይደሉም፤ ቢሆንም ስማቸው ሲስተካከል መብታቸውም ተከትሎ መጥቷል።

እኛም ዘንድ በ2017 ዓ.ም. የሪል እስቴት አዋጅ ወጥቷል። የጎረቤቴ ውል ግን ከዚያ በፊት የተፈረመ ነው።

ወረቀቱን ስመልስላቸው «ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?» አሉኝ።

«አበዳሪ ነዎት፤ ያለ መያዣ ያበደሩ።»

ይኸን ገንዘቡን ከመክፈላቸው በፊት የነገራቸው አልነበረም። ውል የሚያረቅ ሁሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊጽፈው ይገባል።