ከፍትፍቱ ፊቱ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ ሕመምተኛውን ብቻ የሚወቅስ ይመስላል። እኔ ግን፥ እንዲደብቅ ያደረገውስ ማን ነው? ብዬ እጠይቃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል የቡአ ኦፕራሲዮን ተደርጎልኝ ተኝቼ ነበር። ኦፕራሲዮኑ በደኅና አልፏል። ነገር ግን ክፍሉ የሽንት ቤት ሽታ ይገባበታል፤ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ዓይን ላይ ይበራል፤ በአልጋና በአልጋ መካከል መጋረጃ የለም። ስሜም ቀርቶ «7 ቁጥር» ተባልሁ። በማታ አንዲት ነርስ በሩ ላይ ቆማ፥ «አንተ 7 ቁጥር፥ ሽንትህ ወጣ ወይስ አልወጣም?» ብላ ጮኸች። ከጎኔ የተኛው ሰው በልጅነቱ ያስተማርሁት ነበረ። ስለ አፈርሁ «ወጥቷል» አልሁ፤ ውሸቴን ነበር። እርስዋም ጽፋ ሄደች።

እኩለ ሌሊት ላይ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ወለሉን ልትወለውል የመጣች ሠራተኛ ማቃሰቴን ሰምታ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለችና፥ «አባቴ፥ ምን ያምዎታል?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኋት። ተረኛውን ሐኪም ጠራችልኝ፤ ሽንቴም በቱቦ ወጥቶ እፎይ አልሁ።

ልብ በሉ፤ ሐኪሙም ቱቦውም ከማታ ጀምሮ እዚያው ነበሩ። የጎደለው መጋረጃና ለስላሳ ቃል ነበር።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. ስለ ሕሙማን አጠባበቅ ያወጣችውን መጽሐፍ አንብቤ ነበር። ንጹሕ አየር፥ ብርሃንና ጸጥታ የአስታማሚው ዋና ሥራ እንጂ ጌጥ አይደሉም ትላለች። በስኩታሪ የጦር ሆስፒታል በ1855 ዓ.ም. የቆሻሻው መውረጃ ከተጠረገና አየር እንዲገባ ከተደረገ በኋላ፥ ከመቶ 42 ገደማ ደርሶ የነበረው ሞት በጥቂት ወራት ወደ 2 ገደማ ወርዷል። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ የ46 ሕሙማንን መዝገብ መርምሮ፥ ከኦፕራሲዮን በኋላ በመስኮት ዛፍ ያዩ የነበሩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ይልቅ ቶሎ ከሆስፒታል እንደ ወጡ ጽፏል። የሕሙማኑ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ነገሩ የሚታሰብበት ነው።

ናይቲንጌል በመጥፎ አኳኋን የተጠየቀ ጥያቄ እውነቱን እንደማያወጣም ታስተምራለች። እዚህ ላይ እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ጥያቄው ትክክል ቢሆንም፥ በሰው ፊት ሲጮኽ ውሸትን ይወልዳል። የነርስዋ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ አጠያየቅዋ ግን መዝገቡን አበላሸው።

«ድኾች ነን፤ ነርሶቻችንም ጥቂቶች ናቸው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ያች ነርስ ያን ሁሉ ሕመምተኛ ብቻዋን ስትጠብቅ ደክሟት እንደ ነበር አልክድም። ግን መጋረጃው ጥቂት ክንድ አቡጀዲድ ነው፤ ወደ አልጋው አሥር እርምጃ መሄድና «እርስዎ» ማለትም ገንዘብ አይጠይቅም። እንዲያውም ይህን ያደረገችው በሆስፒታሉ ሁሉ ደመወዝዋ የሚያንሰው ሠራተኛ ነበረች።

ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ አንዳንዶቹ ሐኪም፥ ነርስ፥ የካርድ ክፍል ጸሐፊ ወይም ዘበኛ ትሆናላችሁ። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚባለው ለእንግዳ ብቻ አይምሰላችሁ። እንግዳ ፊት ቢነሡት ተቀይሞ ይሄዳል፤ ሕመምተኛ ፊት ቢነሡት ግን በሽታውን ይዞ ዝም ይላል። በዝምታው ቢሞት፥ መዝገባችሁ «ደኅና ነው» ይል ይሆናል።