ውሃ ላይ የሚዘረጋ ረከቦት

የሐበሻ የጉዞ ዕቅድ ከወጥ ይጀምራል። ከወጥ መጀመሩ አይደለም እኔን የሚከነክነኝ፤ እዚያው ወጡ ላይ ማለቁ ነው። ስንት እንጀራ ይበቃል፣ የጾም የሚበላው ማነው፣ ሚጥሚጣው ከማን ቤት ይመጣል፣ ለቡናው ፈንዲሻ ማን ይይዛል፤ ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ተዘርዝሮ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው «እግዜር ያውቃል» ነው። መቼም ለሶደሬ የአንድ ቀን ሽርሽር ይህ ይበቃ ይሆናል። ላስ ቬጋስ ያሉ ወዳጆቼ በመጪው ጁላይ ሊሄዱ የተነሡበት ጉዞ ግን በወጥ ብቻ የሚገፋ አይደለም።

ጉዞው በሐውስቦት ነው። ሐውስቦት ማለት እላዩ ላይ ቤት የተሠራበት ጀልባ ነው፤ መኝታ ክፍል አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ ሽንት ቤትና አየር ማቀዝቀዣ አለው፤ አንዳንዱማ ከጣሪያው ወደ ውሃ የሚወርድ ሸርተቴ ሳይቀር አለው። ለሦስት ለአራት ቀን ይከራዩትና ሐይቅ ላይ ሲዋኙ ውለው እዚያው ያድራሉ። የተመረጠው የፓወል ሐይቅ ነው፤ ከላስ ቬጋስ በመኪና አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። በአሪዞናና በዩታ ድንበር ላይ የግሌን ካንየን ግድብ በ1963 እ.ኤ.አ. የኮሎራዶን ወንዝ ይዞ የፈጠረው ሐይቅ ነው። ለመሙላት 17 ዓመት ፈጅቶበታል። በቀይ ገደል መሐል የተኛ ሰማያዊ ውሃ ነውና ፎቶውን ያየ ሁሉ «መቼ ነው የምንሄደው?» ይላል።

መቼነቱን መቁረጥ ብቻ ሁለት ወር ፈጀ። ግማሹ የካዚኖ ሠራተኛ ነው፤ ፈረቃ ማቀያየር አለበት። ታክሲ ነጂው ደግሞ ከተማዋ በእንግዳ የምትሞላበትን ሳምንት ለማንም አይለቅም። ኦገስት ላይ ፍልሰታ ይገባል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ራሱን የቻለ የአንድ ማምሻ ክርክር ወጣው።) በመጨረሻ ጁላይ ተቆረጠ፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት ወር መሆኑን ያነሣ የለም። ከዚያ መዋጮ መጣ። የሰው አመል ማወቅ የፈለገ ገንዘብ አዋጡ ይበል! «እኔ አለሁበት» ያሉት አሥራ ስምንት፣ ቀብዱ ሲጠየቅ የተገኙት አሥራ ሁለት። ውሉ ላይ የሚፈርመው ግን አንድ ሰው ነው፤ ጀልባው ዐለት ቢመታ የሚጠየቀውም እሱው ነው። ይህን ሰው እስካሁን «እግዜር ይስጥልኝ» ያለው አልሰማሁም።

ከስብሰባዎቻቸው አንዱ ላይ እኔም ተገኝቼ ነበር። ለአሥራ ሁለት ሰው 120 እንጀራ ተመደበ። ዶሮው፣ ቀይ ወጡ፣ አይቡ ተከፋፈለ። ቁርጥም ይኑር ተባለ። ቁርጥ በበረሃ! ለበረዶው ብቻ ሌላ ጀልባ መከራየት ሳያስፈልግ አይቀርም። ይሁን፣ የሆድ ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሁሉም ተጽፎ ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። «ዋና የማይችለው ማነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ስልኩን መጎርጎር ጀመረ። አንዷ ቡና ልትቀዳ ተነሣች። በኋላ ከጥግ በኩል «አንተ ደግሞ ሟርትህን ጀመርክ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ሁሉም ሳቀ፤ ወሬው ወደ ቁርጡ ተመለሰ።

እንግዲህ የእኛን ዕቅድ የሚያወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ይሉኝታ፣ ሁለተኛው «አታሟርት»። ይሉኝታ ሰው የሚያፍርበትን ጥያቄ ከዝርዝሩ ይሰርዛል። «አታሟርት» ደግሞ የሚያስፈራውን ያወጣል። ሁለቱ ሥራቸውን ጨርሰው ሲወጡ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ምግብ ነው፤ በምግብ የሚያፍርም የሚፈራም የለማ።

ዋና አለመቻል ምኑ ያሳፍራል? አብዛኞቻችን ደገኞች ነን። ያደግንበት ወንዝ ክረምት ሲገባ ሰው የሚበላ ነበር፤ እናቶቻችን በአርጩሜ ነው ከውሃ ያራቁን። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያለ ሕዝብ ልጅ «አልችልም» ለማለት መሽኮርመም አልነበረበትም። ደግሞ አሜሪካ ነው ያሉት! በየሰፈሩ መዋኛ ገንዳ አለ፤ ሃምሳ ዓመት ለሞላው ጀማሪም አስተማሪ ይገኛል። ግን ለመመዝገብ መጀመሪያ አለመቻልን ማመን ያስፈልጋል። በዚያ ሐይቅ ላይ ዕድሜው ከ13 በታች የሆነ ልጅ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ላይፍ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው፤ ለአዋቂውም በነፍስ ወከፍ ሊኖር ይገባል። ይኖራልም፤ ከአልጋ ሥር ተጠቅጥቆ። የሚለብሰው ሰው «ፈሪ» እንዳይባል ይፈራላ! ሐይቁ ደግሞ ዳር ዳሩን እየተለቃለቁ የሚጫወቱበት አይደለም። በብዙ ቦታ ገደሉ እንደቆመ ነው ውሃ ውስጥ የሚገባው፤ እግር የሚያርፍበት የለም።

ወደ ረከቦቱ ልምጣ። የቡናው ኃላፊ እትዬ ናቸው (ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው)። ከሰልና ዕጣን ይዘዋል። ነፋስ ካለ ውስጥ ይፈላል ተባለ። ከሰል የተያያዘበትን ምድጃ ቤት አግብተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ? አገር ቤት የምናውቀውን ሞት ባሕር ተሻግረን እንዴት እንረሳዋለን? ሐውስቦት ላይ ደግሞ ከሰሉ ባይኖርም አደጋው አለ። አየር ማቀዝቀዣውን የሚያሠራው በቤንዚን የሚሄድ ጀነሬተር ነው፤ ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። በኦገስት 2000 እ.ኤ.አ. በዚሁ በፓወል ሐይቅ ላይ የ8 እና የ11 ዓመት ወንድማማቾች ከጀልባው በስተኋላ፣ ከመዋኛው መድረክ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ገብተው ሞተዋል። የጀነሬተሩ ጭስ የሚወጣው እዚያ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት በሐይቁ ላይ ከ100 በላይ ሰዎች በዚህ ጋዝ መመረዛቸው ጉዳዩ ሲመረመር ታውቋል። ከዚያ ወዲህ ጭሱን ከጣሪያ በላይ የሚያወጡ ጀልባዎች ተሠርተዋል፤ ጋዙ ሲበዛ የሚጮህ መሣሪያም አለ። ከመሐላችን ግን መሣሪያው ሲጮህ «ዝም በል» ብሎ ባትሪውን የሚያወጣ አይጠፋም። ራስ ምታቱንና ማቅለሽለሹንስ? «ትናንት የጠጣሁት ነው» ብሎ ጋደም ይላል።

ጀልባው ራሱ እንደ አውቶቡስ አይታዘዝም። ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ግድግዳ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ወደፈለገው ይወስደዋል፣ አቁሙት ሲሉት ቶሎ አይቆምም። ጁላይ ላይ ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ወጀብ ይነሣል። ስለዚህ ቀን በብርሃን አሸዋማ ዳርቻ መርጦ፣ በግራና በቀኝ መልሕቅ ቀብሮ፣ በገመድ ወጥሮ ማሰር ይጠይቃል። የአራት ጎልማሳ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቪዲዮ ላይ ያዩት ዳርቻም ዛሬ ላይገኝ ይችላል። በ2023 መጀመሪያ ሐይቁ ከሚይዘው ውሃ ሩቡ እንኳ አልነበረውም፤ ውሃው ሲወርድና ሲመለስ ዐለቱም ይወጣል፣ ይደበቃል። አከራዩ ከመነሻው በፊት ይህን ሁሉ ያስረዳል። በሰማሁት ዕቅድ ግን ማብራሪያውን አንድ ሰው ይሰማል፣ የቀረው ምግብ ይጭናል።

ሐይቁ ስሙን የወረሰው ከጆን ዌስሊ ፓወል ነው። አንድ ክንዱን በጦርነት ያጣ ሰው ነበር። በ1869 እ.ኤ.አ. ከዘጠኝ ሰዎች ጋር በአራት ጀልባ እነዚያን ገደሎች ሊያቋርጥ ሲነሣ የአሥር ወር ስንቅ ጭኖ ነበር። ገና በመጀመሪያው ወር አንዱ ጀልባ ተሰባበረና ስንቁን ውሃ በላው። ስንቅ እንዲህ ነው።

ከዚያ ማምሻ በኋላ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ደወሉልኝ። ሁለቱም ዋና አይችሉም። ሁለቱም «ለሌሎቹ እንዳትነግር» አሉኝ። አንደኛው ቀብድ ከከፈሉት ውስጥ በዕድሜ ከሁሉ ታላቅ ነው፤ ሁለተኛዋ ሁለት ልጆች ይዛ ነው የምትሄደው። እትዬም ደውለው ነበር። የወንድማማቾቹን ታሪክ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ልጄ፣ ረከቦቱ አሸዋው ላይ ይዘረጋል፤ ነፋስ ካለ ቡናው ይቀራል» አሉ። ቡናው ይቀራል ማለት ከእትዬ አፍ ሲወጣ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ።

የመሪው ጉዳይ ግን አልተነሣም። መሪውን የሚይዙት ጋሼ ናቸው፤ ውሉ ላይ የፈረሙት፣ ብዙውን ገንዘብ የከፈሉት እሳቸው ናቸው፤ ዱሮ ከባድ መኪና ነድተዋል። ጠጥቶ ጀልባ መንዳት እዚህ አገር እንደ መኪናው ሁሉ ያስከስሳል። ይህንን ጋሼን ፊት ለፊት የሚላቸው፣ ሁለተኛ ነጂ ሆኖ ማብራሪያውን አብሯቸው የሚሰማ፣ አንድም ሰው አልተመደበም። ባለፈው እሑድ ጋሼ በቴሌግራሙ ላይ ለጉዞው አምስት ካርቶን ቢራ መግዛታቸውን ጻፉ። አሥራ አንዱም በልብ ምልክት መለሱላቸው።