የሸማው ምንጭና የሸማው ጥራት
በሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ ዙሪያ ስለሚካሄደው ክርክር አመክንዮ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

በዓል ሲቃረብ በመርካቶ ሸማ ተራ ጥቂት ጊዜ ቆሞ የገዢንና የሻጭን ንግግር ያዳመጠ መምህር፣ የሥነ አመክንዮ መጻሕፍት በረቂቅ ቃላት ከሚዘረዝሯቸው ሕጸጾች ብዙዎቹን በአማርኛ ይሰማል። በቅርቡ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ነጠላ ይዘው ዋጋ ሲጠይቁ ወጣቱ ሻጭ፣ «እማማ፣ የዶርዜ ሥራ እኮ ነው፤ ምኑን ይጠራጠራሉ?» አላቸው። አጠገባቸው የቆመች ሌላ ገዢ ደግሞ፣ «ነጋዴ አይደለ? ሌላ ምን ሊል ኖሯል!» አለች። እኒያ እናት ለሁለቱም መልስ ሳይሰጡ ነጠላውን ወደ ብርሃን ገልጠው ድሩንና ማጉን መረመሩ፤ ከዚያም፣ «የማንም ሥራ ይሁን ልጄ፣ ማጉ ሳስቷል» ብለው መለሱለት።

ሻጩ ከሸማው ምንጭ ተነሥቶ ጥራቱን ደመደመ። ሁለተኛዋ ገዢ ከተናጋሪው ጥቅም ተነሥታ የንግግሩን ሐሰትነት ደመደመች። ሸማውን ራሱን የመረመሩት እኒያ እናት ብቻ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ልዩነት በአገራችን የፍልስፍና ጽሑፎች መካከል እጅግ ባከራከረው በሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ ላይ ማሳየት ነው።

2. ስለ ደራሲው የሚደረገው ክርክር

ሐተታው ራሱ እንደሚናገረው ጸሐፊው በአክሱም አካባቢ የተወለደ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከስደት ሸሽቶ በዋሻ የኖረ፣ በኋላም በእንፍራዝ የተቀመጠ የ17ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ነው። በአውሮፓ የታወቀው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኢትዮጵያ የነበሩት ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ አግኝቻቸዋለሁ ባሏቸውና በአንቷን ዳባዲ ስብስብ ውስጥ በገቡ ቅጂዎች አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ቱራየቭና ሊትማን ለኅትመት አበቁት። እ.ኤ.አ. በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የመጽሐፉ ደራሲ ሚሲዮናዊው ራሳቸው ናቸው ሲሉ ጻፉ፤ ሚትቮህም ደገፏቸው። በ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክላውድ ሳምነር በሰፊ ጥናት ይህንን ተቃወሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አናይስ ቪዮን ጥርጣሬውን በአዲስ ማስረጃ አደሱት።

በዚህ ረጅም ክርክር ውስጥ ብርቱ ምርመራ እንዳለ ሁሉ ሕጸጽም አለ። «በዚያ ዘመን የነበረ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ሊያስብ አይችልም፤ ስለዚህ መጽሐፉ የባዕድ ነው» የሚለው አነጋገር መረጋገጥ ያለበትን ነገር አስቀድሞ እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ይወስዳል። «መጽሐፉን የሚጠራጠር ሁሉ የአፍሪካን አእምሮ የሚንቅ ነው» የሚለው መልስም ከሸማ ተራዋ ሁለተኛ ገዢ አነጋገር አይለይም፤ ማስረጃውን ትቶ ሰውየውን ይከሳል። ከሚሲዮናዊው በፊት የተጻፈ ቅጂ አለመገኘቱን የሚያነሡ ወገኖች ደግሞ ከፊል እውነት ይዘዋል። ይሁን እንጂ የዝምታ ማስረጃ ክብደት የሚኖረው እንዲህ ያለ ቅጂ ተርፎ ይገኛል ተብሎ በሚጠበቅበት መጠን ብቻ ነው። በሌላ በኩል፣ «ሃይማኖቶችን ሁሉ የሚነቅፍ መጽሐፍ ስለሆነ ተደበቀ» ማለት ሊሆን የሚችል ግምት እንጂ በራሱ ማስረጃ አይደለም።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ሁለቱም ወገኖች አንዳንድ ጊዜ በጋራ የሚይዙት ድምዳሜ ነው፤ መጽሐፉ የዘርዐ ያዕቆብ ከሆነ ሐሳቡ ሁሉ ትክክል፣ የሚሲዮናዊው ከሆነ ደግሞ ከንቱ እንደሚሆን ማሰብ። የደራሲው ማንነት ለታሪካችን ታላቅ ጥያቄ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በአገራችን እንዲህ ያለ ፍልስፍና ነበር ወይስ አልነበረም ለማለት መልሱ ያስፈልጋል። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ያለው አንድ ማስረጃ ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለውን ጥያቄ ሊመልስልን አይችልም።

3. ማስረጃው ሲመረመር

ለምሳሌ ሐተታው ስለ ፈጣሪ የሚያቀርበውን ማስረጃ እንውሰድ። ጸሐፊው ማን እንደፈጠረው ራሱን ይጠይቃል፤ ከወላጆቹ ወደ ወላጆቻቸው ወላጆች እያለ ወደ ኋላ ይሄድና ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖር አለበት ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። ቀጥሎም ሰውን አስተዋይ አድርጎ የፈጠረ እርሱ ራሱ አስተዋይ መሆን አለበት ይላል።

ይህ የመጨረሻው እርምጃ በሸማ ተራ ቋንቋ ሊፈተን ይችላል። ሸማው ነጭ ስለሆነ ሸማኔው ነጭ ነው አይባልም፤ ስለዚህ ከሥራው ባሕርይ የሠሪውን ባሕርይ መደምደም ሁልጊዜ አያስኬድም። የሐተታው ተከራካሪ ግን መልስ አያጣም፤ «ሸማኔው ነጭነትን ከጥጡ አገኘው እንጂ አልፈጠረውም፤ ከምንም የሚፈጥር ግን ከራሱ በቀር የሚያገኝበት የለውም» ሊል ይችላል። ይህ ጥሩ መልስ ነው። ሆኖም ማስረጃው በግልጽ ባልተነገረ አንድ መነሻ ላይ፣ ማለትም ማንም የሌለውን አይሰጥም በሚለው ሐሳብ ላይ የቆመ መሆኑን ያጋልጣል። ያም መነሻ በተራው ማረጋገጫ ይሻል። በተጨማሪም የአንድ ማስረጃ መድከም ድምዳሜውን ሐሰት እንደማያደርገው ተማሪው መገንዘብ አለበት፤ በሌላ ማስረጃ ሊጸና ይችላልና።

4. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በወጣትነቱ የሠለጣኞችን ፈተና ሲያርም፣ አንድ ሠልጣኝ ከላይ የተጠቀሰው ማስረጃ አይጸናም ብሎ በምክንያት አስደግፎ የጻፈውን መልስ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞበታል። ምክንያቱም መልሱ ከራሱ መምህር ማስታወሻ ጋር ስላልተስማማ ብቻ ነበር። ማንም ሳይቃወም ያለፈ ስህተት ስለሆነ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል፤ ያ ሠልጣኝ ለተማሪዎቹ ምን አስተምሮ ይሆን? በአንጻሩ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የመጽሐፉን ኢትዮጵያዊነት በመጀመሪያ ተጠራጥረው ቆይተው በኋለኛው ዘመናቸው አቋማቸውን መለወጣቸው፣ ሊቅ ሐሳቡን በምርመራ ሊለውጥ እንደሚችል የሚያሳይ አርአያ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች እንደገና ሲጀመር፣ ሥነ አመክንዮና ሂሳዊ አስተሳሰብ ከጋራ ኮርሶቹ አንዱ መሆኑ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ኮርሱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ተማሪዎች የሕጸጾቹን ስም ሸምድደው ያልፋሉ፤ በቤታቸውና በገበያቸው የሚሰሙትን ሕጸጽ ግን ለይተው አያውቁትም። ስለዚህ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የአማርኛና የሌሎች የአገር ቋንቋዎች ምሳሌዎችን አሰባስበው ቢያዘጋጁ፣ የሐተታውንም ክርክር ከሁለቱም ወገን ማስረጃ ጋር ለውይይት ቢያቀርቡ ይጠቅማል። በእርማትም ጊዜ ነጥብ የሚሰጠው ተማሪው ለደረሰበት ድምዳሜ ሳይሆን ወደ ድምዳሜው ላደረሰው ምክንያት ሊሆን ይገባል።